ሩቅ የተባሉት አሥራ አንድ ፎቶዎች

የልጅ ልጄ ፎቶዎቿን በጫማ ካርቶን ሞልታ የገባችው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር።

«እማማ፣ ጠረጴዛሽን አውሺኝ» አለችኝ።

ጠረጴዛሽ ያለችው ያንን ከላይ መስታወት የተነጠፈበትን፣ ከሥሩ አምፖል የሚበራበትን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶ አንሺ ነበር። የዚህ ቤት የፊት ክፍል ስቱዲዮ፣ ጓዳው ደግሞ ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ነበር። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ ኔጋቲቭ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። እርሳሴን እንደ መርፌ አሹዬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ የስንቱን ጠባሳ፣ የስንቷን ብጉር ሸፍኛለሁ። እርሳሱ መንካት ብቻ ነው ያለበት፤ ከተጫኑት ፊልሙን ይጭረዋል። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፎቶ በማየት ግን ማንም አይሸውደኝም።

ልጅቷን ሚጣ ነው የምላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት፣ ለእኔ ግን ያው ሚጣ ናት። አባቷ የእኔ ልጅ ነበር፤ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ እሷ ሁለት ዓመቷ ላይ አውቶቡሱ ተገለበጠና በላብኝ። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ስንሻገር እጇን እይዛለሁ። «እማማ፣ ኧረ ሰው ያየናል!» ትለኛለች። ይየን።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ይፈልጋል። አዘጋጁ ሥራዋን በስልኳ አይቶ፣ «ሁሉንም ትሞካክሪያለሽ፤ ምን እንደሆንሽ ግን አልገባኝም። ራስሽን መዝኚና የምትበልጪበትን አንዱን ዓይነት አሥር ፎቶ አምጪልኝ። በእሱ እመድብሻለሁ» ብሏታል። የሰው ፊት ከሆነ ለእንግዳው ገጽ፣ ሰርግ ከሆነ ለማኅበራዊው፣ አገር ምድሩ ከሆነ ለጉዞው። አደጋ ከሆነ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር እሳትና ግጭት ወዳለበት መሮጥ ነው።

ይህን ስትነግረኝ ያጣጠፍኩትን ሸሚዝ ዘርግቼ እንደገና አጣጠፍኩት።

በቤታችን የባለቤቴ ሕግ አለ። ፎቶ የሚመዘነው በወረቀት ታትሞ ነው። ከአሥር ይታረማል። የሚጣል ፎቶ ደግሞ የተጣለበት ምክንያት ከጀርባው በእርሳስ ይጻፍበታል፤ ምክንያቱን መጻፍ ያልቻለ መጣል አይችልም። ሚጣ ይህን ከእሱ ጭን ላይ ሆና ነው የተማረችው።

አራት ክምር አደረገችና ከሰርጉ ጀመረች። አቤት ስትጨክን! በሰው ሥራ ላይ እንኳ እንዲያ አይጨከንም።

«ይቺን እያት፤ ሙሽራዋ የት አለች? መጋረጃው ነው ያገባው። ሦስት።»

«ኧረ ሚጣ፣ ቆንጆ ናት እኮ።»

«ልጅቷ ቆንጆ ናት፤ ፎቶው አይደለም። የታረምኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።»

የሜዳና የተራራውን ክምር በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው። «ይሄ የቀን መቁጠሪያ። ይሄም የቀን መቁጠሪያ። ይሄ ደግሞ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ» እያለች ሁሉንም አራት አራት ሰጠችው። ሳቅኩኝ። የሰው ፊት ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ፊት ሰባት ሰጠችው፤ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ቀና ሲል ነው ያነሳችው። የእኔን ስድስት አለችኝ።

«ምን አጥፍቼ?»

«እንደምነሳ አውቀሻል። አፍሽን ሰብሰብ አድርገሻል።»

በመጨረሻ አደጋዎቹ ቀሩ። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ሌላውን አነሳች። እርሳሱ በእጇ ውስጥ አልተንቀሳቀሰም።

«እነዚህን አንቺ እይልኝ» አለች። «እኔ አልቻልኩም። እዚያ ስለነበርኩ የቤንዚኑ ሽታ ይመጣብኛል፣ ጩኸቱ ይመጣብኛል። ፎቶው ይሁን እኔ ያየሁት ነገር ይሁን ጥሩ የሆነው፣ መለየት አቃተኝ። አንቺ አልነበርሽም፤ ደግሞ በፎቶ አትዋሺም።»

እውነቷን ነው። የአባቷን የመጨረሻ ጉርድ ፎቶ ባለቤቴ እያለቀሰ ሲያሳየኝ «ብርሃኑ ከግራ በዝቷል» ያልኩ ሰው ነኝ። ሰው ታዝቦኛል።

ማጉያ መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያው የተገለበጠ አውቶቡስ ነበር። ልጄ መጣብኝ፤ ዓይኔ ግን ሥራውን አልተወም። አውቶቡሱ ጥግ ላይ ነው። መሐሉ ባዶ አስፋልት፣ ወዲህ ደግሞ አንድ ሰውዬ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሴት ጫማ በሁለት እጁ ይዟል። አንድ ጫማ ብቻ። ሌላው ፎቶ ላይ ጎርፍ የወሰደው ግቢ በር ላይ አንዲት እናት ጣቷን ዘርግታ ልጆቿን ትቆጥራለች። ሌላው የተቃጠለ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱ በሩ ጠፍቶ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ሚጣ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። አልተጋፋቻቸውም። በሰዎቹ ዙሪያ የተወችው ባዶ ቦታ ነው ሐዘናቸውን የሚያሳየው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሺህ ፎቶ አልፏል፤ የባለቤቴ አለበት፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ዘጠኝ ናቸው። አሥር የማልላቸው ባለቤቴ አሥር ለማንም ሰጥቶ ስለማያውቅ ነው።

እና ደግሞ ሌላም ነገር አየሁ። ስልክ ሲጮህ አየሁ። ሚጣ ጫማዋን ሳታስር ስትሮጥ አየሁ። ከዚያ አንድ ሰው በሬን ሲያንኳኳ አየሁ፤ ያንን ማንኳኳት አውቀዋለሁ።

«እህ?» አለችኝ።

«ሦስት» አልኩ።

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

ፊቷን አላየሁም። እርሳሱን ተቀበልኳት። አሁን ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጥራቱ ልክ ነው። ጉድለት ፈልጌ አጣሁ። ያጣሁ ጊዜ የፎቶዎቹን ደግ ነገር ራሱን አነሳሁና ጉድለት አደረግኩት። አሥራ አንዱንም ገልብጬ «ሩቅ ነው» ብዬ ጻፍኩባቸው።

አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አሥራ አንድ ጊዜ ያንኑ ነገር።

«እሺ» አለች። የልብስ ሰፊውን ፊት ከክምሩ ስባ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። በቃ፣ ተገላገልን አልኩ። ለእንግዳው ገጽ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ታነሳለች፤ ወንበር አይገለበጥም።

በማግስቱ ለአዘጋጁ ደውላ ሁለት ሳምንት እንዲጨምርላት ለመነች። ፊቶች ልትጨምር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከጓደኛዋ አንድ አጭር ሌንስ ተዋሰች። ከዚያ ቤት ውስጥ እኔን መከታተል ጀመረች። ዕቃ ሳጥብ በአንድ ሜትር፣ ሽንኩርት ስልጥ በአንድ ክንድ። አንድ ቀን ሌንሱ ጉንጬን ነካኝ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? አፍንጫዬ ውስጥ ልትገቢ ነው?»

«መቅረብ እየተለማመድኩ ነው። ሩቅ ነሽ አላልሽኝም?» አለችና ሳቀች።

ልብ ያለው ሰው ያኔ ይነቃ ነበር። እኔ ፊት ስለምታነሳ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ጊዜ ጠርጥሬያለሁ። ያን ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ «ሹራብ ልበሺ፣ ነፋስ አለ» ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ከጋራዡ ጀርባ ያለው የፍራሽ መጋዘን ተቃጠለ። ጭሱ ከበራችን ላይ ይታይ ነበር። ሚጣ ገበያ ሄዳለች ብዬ አስቤ ነበር። ልብስ ሰፊው የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ እግሩ ያመዋል።

«እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ» አለኝ።

«ሞታለች?»

«አልሞተችም። ጫማዎን ያድርጉ።»

በመንገድ ላይ ነገረኝ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ገመድ ወጥረው ሰዉን ሁሉ መልሰዋል። እሷ በጋራዡ በኩል ዞራ ገባች። አንዱ ሠራተኛ «ተመለሺ!» ብሎ ሲጮህባት «ትንሽ ልጠጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» አለችው አሉ። መስኮቱ የፈነዳው ያኔ ነው።

አዘጋጁ ሆስፒታል ድረስ ደወለ። «እኛ አላክናትም፣ እናቴ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኛ አላክናትም» እያለ ማለ። አመንኩት። እሱ አላካትም።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አቆመችኝ። የሚጣ ቀኝ ዓይን የለም። ግራው የሚታወቀው ማሰሪያው ሲፈታ ነው። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ የሐኪሟ ነጭ ጋዋን ላይ ያለች አንዲት የቀለም ነጠብጣብ አይ ነበር። በእርሳስ ትሸፈናለች እያልኩ።

እሑድ ዕለት ሚጣ መናገር ጀመረች። ነርሷ ካሜራውን በፌስታል አድርጋ ሰጥታኛለች፤ ጥጉ ቀልጧል፣ ግን ይሠራል። ከኋላው ያለውን መስታወት አብርቼ አየሁ። ዘጠኝ ፎቶ አንስታለች። ጭስ። የአንድ ሰው እጅጌ። የቀለጠ ስፖንጅ ሲንጠባጠብ። ብርቱካናማ ነገር፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። በአንዱም ውስጥ ሙሉ ሰው የለም።

«አየሻቸው?» አለችኝ። ሁለቱም ዓይኖቿ ታስረዋል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«አየኋቸው።»

«ቀረብኩ አይደል?»

«ቀርበሻል።»

«ስንት ከአሥር?»

ምን ልበላት? ዘጠኝ ብላት ታምነኛለች፤ አምናኝም በቀረቻት ዓይኗ ተመልሳ ትገባለች።

«ሁለት» አልኩ።

«ምክንያቱ?»

«በጣም ቀርበሻል።»

ሳቀች። ስትስቅ አመማት። «አንቺ ሴትዮ ልታሳብጂኝ ነው። ያኛው ሩቅ፣ ይሄኛው ቅርብ! ስንት ሜትር ላይ ብቆም ነው የምትወጂልኝ?»

ያኔ ነገርኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የግራ እጇን ይዤ፣ አሥራ አንዱም ዘጠኝ እንደነበሩ፣ ዘጠኝ ያደረጋቸውም ከሩቅ መነሳታቸው እንደሆነ ነገርኳት። አባቷን አነሳሁ። በር ማንኳኳቱን አነሳሁ። ብዙ ቀባጠርኩ። እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችው፤ አልመነጨቀችኝም፣ ብትመነጭቀኝ ይሻለኝ ነበር።

«አምጫቸው» አለች።

በማግስቱ አሥራ አንዱን ይዤላት ሄድኩ። ደረቷ ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያውን በግራ እጇ ገለበጠችና በአመልካች ጣቷ ጀርባውን ዳሰሰችው። ጣቷ ቆመ። ተመልሶ ሄደ። እንደገና ቆመ።

«ሰርጎድ ብሏል» አለች።

«ምኑ?»

«ጽሑፉ። ተጭነሽ ነው የጻፍሽው።» ሁለተኛውን ዳሰሰች፣ ሦስተኛውን። «ሁሉም ላይ። አንቺ እርሳስ ተጭነሽ አታውቂም፣ እማማ። ዕድሜሽን ሙሉ ተጭነሽ አታውቂም።»

ጀርባውን እኔም በጣቴ ዳሰስኩት።

«ወረቀቱን በጣቴ ዳስሼው ቢሆን ያኔውኑ አውቅ ነበር» አለች። «እኔ አነበብኩት። ማንበብ ብቻ።»

ላጲስ አውጥቼ ልሰርዘው ሞከርኩ። የእርሳሱ ጥቁረት ለቀቀ፤ ስርጉዱ ግን አለ፣ ወደ ፊት በኩልም ብቅ ብሎ ጫማ የያዘውን ሰውዬ ትከሻ አሻክሮታል። የሰው ጠባሳ ስሸፍን የኖርኩት ሴትዮ ይህን መሸፈን አልቻልኩም። በየጀርባቸው «ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ በቀላል እጅ።

«ምክንያቱንም ጻፊ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። «ስትጥይ ምክንያት ከጻፍሽ፣ ስትዋሺም ጻፊ።»

«ፈርቼ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬም አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስትፈልግ ነርሷን ነው የምትጠራው።

ማሰሪያው የሚፈታው ሐሙስ ነው። ፎቶዎቹ ትራሷ ሥር ናቸው፤ ላወጣቸው ብሞክር እጇን ጫነችባቸው። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነኝ። አልጋው ዘንድ ልጠጋ እነሳለሁ፣ ከዚያ መልሼ እቀመጣለሁ።