እማዬ ያለችበት ሳጥን

ከወንድሜ ጋር ዓይንና ናጫ ከሆንን ዓመት አልፎናል። እሱ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። የሚያገናኘን ነገር ቢኖር ደረጃውና እማዬ በሕይወት ሳለች ያስገባችው ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተሩ ያለው እሱ ክፍል ውስጥ ነው። ገመድ ልዘርጋ ብዬ በሩን ከማንኳኳ ጣቴ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

የእማዬን ፎቶና ቪዲዮ ያጠራቀምኩበት ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዋይፋይ የማይቀበል፣ ከገመድ ሌላ የማያውቅ ግትር ሳጥን ነው። እሑድ ለሚመጡ ዘመዶች ፎቶዎቿን ቲቪው ላይ ላሳይ ፈልጌ የኔትወርክ ባለሙያ ጠራሁ።

ከቪዲዮዎቹ አንዷን ግን ለማንም አላሳይም። ወንድሜማ ከሰማት አለቀልኝ። እማዬ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት የቀረጽኳት ናት። «ወንድምሽ አልመጣም?» ትለኛለች። «እሱ መቼ አስቦሽ ያውቃል!» እላታለሁ። ውሸቴን ነው። በዚያው ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ፣ «ተኝታለች» ብዬ በሩን ፊቱ ላይ ዘግቼበት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ሳገላብጣት፣ እኔ ሳጥባት፣ ከላይ ሆኖ ኮቴውን ብቻ ሲያሰማን የኖረ ሰው፣ መጨረሻዋ ሲቃረብ ልጅ ልሁን ሲል ደሜ ፈላ። ቪዲዮዋን እንዳላጠፋት ደግሞ እማዬ በመጨረሻ ስሜን የጠራችው እሷ ላይ ነው።

ባለሙያው የክብሪት ቀፎ የምታክል መቀበያ ሶኬቱ ላይ ሰካ።

«ይቺ ዋይፋዩን ከአየር ትቀበላለች፣ በዚህች አጭር ገመድ ደግሞ ለሳጥኑ ታቀብላለች» አለኝ። የገመዱን ጫፍ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ሲሰካው ቀጭ አለ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። «እትዬ፣ ይሄን ዋይፋይ ሌላ ሰው ይጠቀማል?»

«ሰው የሚባል የለም።»

«ፎቅ ላይስ?»

«ሰው የለም አልኩህ እኮ!»

«እሺ፣ ብቻዎን ከሆኑማ በፓስወርድ አላስቸግርዎትም።»

ሳጥኑን ክፍት ትቶልኝ ሄደ። ወንድሜን ከሰው አለመቁጠሬ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከምሳ በኋላ ፎቶ እየመረጥኩ ሳለ የእማዬ ድምፅ ከጣሪያው በላይ መጣ። ክው አልኩ። ከወንድሜ ቲቪ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ዋይፋይ፤ ሳጥኑ እሱም ቲቪ ላይ ብቅ ብሎለት ከፍቶታል።

«ወንድምሽ አልመጣም?» አለች እማዬ። ቀጥሎ የኔ ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ዘልዬ ገመዱን ነቀልኩት፤ ድምፁ ጸጥ አለ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰምቷል።

ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው አልፈጠነም። በሩን ከፍቶ ገባ። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በስድብማ ማንም አይችለኝም። እሱ ግን ዓይኑ ቀልቶ ቆመ።

«ከዚያ በኋላስ ነገርሻት?» አለኝ። «መጥቶ ነበር አልሻት?»

የነቀልኩትን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት።

«ልትሞት ስትል እኔን ፈልጋ፣ ልጄ ጠልቶኛል ብላ ነው የሄደችው?»

የምሰድበው አጣሁ።

«አዎ» አልኩት።