መውቂያውን የሚጎትት ፒካፕ

በንቲ ድሮ በሬ ሲገዛ አንድ ገበያ ይበቃው ነበር። ጠዋት ይወጣል፣ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ከሰዓት በሬውን እየነዳ ይመለሳል። መኪና ግን ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ከጎፋ እስከ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ አሥራ አንድ የናፍጣ ፒካፕ አይቷል። አሥራ አንዱም «ምንም ያልተነካ» ነበር፤ በዚህ ከተማ የተነካ መኪና የሚሸጥ ሰው ገና አልተወለደም። አንዱ ሲነሣ ሰፈሩን በጭስ ያፍናል፣ አንዱ ዳገት ሲያይ ይለግማል፣ የአንዱማ የበር እጀታ ሲከፍተው በንቲ እጅ ላይ ቀረ።

ፒካፑ የተፈለገው ለመውቂያው ነው። በንቲ ሀና ማርያም ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ መሬቱ ከተማ ሲሆንበት በመጨረሻው ካሳ የእህል መውቂያ ማሽን የገዛ ሰው ነው። ማሽኑ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነው። ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል፣ በራሱ አንድ ስንዝር አይሄድም፣ የሚጎትተው ይፈልጋል። ሁለት ዓመት የሰው ትራክተር ተከራየለት። ባለትራክተሩ ግን መጀመሪያ የራሱን ደንበኞች ያዳርስና ሲመቸው ብቅ ይላል። አምና ቱሉ ቦሎ የምትኖረው የታላቅ እህቱ የጌጤ ጤፍ ክምር ላይ እንዳለ፣ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ገባበትና በሰበሰ። ጌጤ አንድ ቃል አልተናገረችውም። በንቲን ያንገበገበው ይኸው ዝምታዋ ነው። ዘንድሮ «የመጀመሪያው ተራ ያንቺ ነው፣ ኅዳር ሳያልቅ አውድማሽ ላይ ነኝ» ብሎ ቃል ሰጥቷታል።

ልጁ ሴና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ይህን ሁሉ ጣጣ አትወደውም። «አባዬ፣ ማሽኑን ሽጠውና ቤቶቹን እያከራየህ ተቀመጥ» ትለዋለች። ቤት ማከራየት! በንቲ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ቤት አከራይ ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራል? የተከራይ የውኃና የመብራት ጭቅጭቅ ሲዳኝ ይውላል እንጂ ሌላ ምን አለው? መውቂያው እየተጎተተ አውድማ እስከደረሰ ድረስ ግን እሱ ገበሬ ነው። በመኸር ይጠበቃል፣ መንገድ መንገዱን ይታያል፣ ሲደርስ እልል ይባልለታል። ዘንድሮ ካልደረሰ ዘመዶቹ ሌላ ማሽን ይጠራሉ፤ አንዴ ከጠሩ ደግሞ በቃ፣ አይመለሱም። ሴናም ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው እየተነጫነጨችም ቢሆን አብራው የምትዞረው።

አሥራ ሁለተኛውን ያመጣው ሚኪ ነው። ሚኪ ደላላ ነው። ሁለት ስልክ ይይዛል፣ በሁለቱም ይዋሻል፣ ግን ክፋት የለበትም፤ እንጀራው ነው።

«ፋዘር፣ የዛሬው እንቁ ነው» አለ ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ስልክ አስፋልቱ ዳር ሲገናኙ። «ባለቤቱ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ በሸራ ሸፍነው ነው የሚያሳድሩት። አንድ ነገር ብቻ። ተሳቢ የምትል ቃል ካፍዎ እንዳትወጣ።»

«ለምን?»

«ተሳቢ ያለው ሰው ወቅት ደርሶበታል፣ ቸኩሏል ይሉና ዋጋ ይሰቅላሉ። ደግሞ ለመኪናቸው የሚሳሱ ሽማግሌ ናቸው፣ አትግደሉብኝ ብለው እምቢ ቢሉስ? ለቤተሰብ ነው ይበሉ። ካልሆነልዎም ዝም ይበሉ፤ ዝም አይነቅዝም።»

ይህ አልበቃ ብሎት መካኒኩን ራጉኤልንም ወደ ጎን ጠራው። «አንተ ፊቱን እይ፣ ሞተሩን እይ። ከኋላ ሥሩ እንዳትገባ። ጋንቾ የሚታሰርበትን ስትለካ ካዩህ ይነቃብናል።» ጋንቾ ተሳቢው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ነው። ራጉኤል፣ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ዋናው የኋላው ነው ብሎ አጉረመረመ። ሚኪ «የኋላው የት ይሄዳል? ገዝታችሁ ታዩታላችሁ» አለና አፉን አስያዘው።

በንቲ ነገሩ አልተዋጠለትም። እሱ በሚያውቀው የከብት ገበያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለእርሻ ነው ለእርድ?» የሚለው ነው። ገዢም እውነቱን ይናገራል። ለእርሻ ካለ ሻጩ ቦይ ውስጥ የሚተኛ በሬ አይሰጠውም፤ ቢሰጠው ዋሱ ይጠየቃል፣ አገር ይታዘበዋል። ሳይናገር የገዛ ሰው በሬው ቢተኛበት ግን ማንን ይከሳል? ቢሆንም ይህ ከተማ ነው፣ ይህ መኪና ነው፣ አሥራ አንድ ሻጭ ዓይን ዓይኑን እያየ ዋሽቶታል። እኔስ አንዴ ብዋሽ ምን አለበት አለ በልቡ።

ባለመኪናው ጋሽ ገሠሠ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጎጃም ተወልደው፣ በመንገድ ሥራ ሹፌርነት አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ሸራውን ገለጡት። ነጭ ደብል ጋቢና፣ አራቱም ጎማው አዲስ። ሴና ሳታስበው «ውይ!» አለች።

ከዚያ ጋሽ ገሠሠ የመኪናቸውን ነውር መዘርዘር ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሻጭ ማን አይቶ ያውቃል! የግራው መስኮት ጥብቅ ብሎ አይዘጋም፣ ዝናብ ያስገባል። ሦስተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል፣ ሲሞቅ ይታረቃል። በየሦስት ወሩ ዘይት ይጨመርለታል። ሚኪ አንገቱን ደፍቶ ይሠቃያል፤ ባለቤት ዕቃውን ሲያራክስ መስማት ለደላላ ሕመም ነው።

«ለመሆኑ ለምንድን ነው የፈለጋችሁት?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ለቤተሰብ!» ሚኪ ቀደመ። «ለሰርግ፣ ለልቅሶ፣ ለክርስትና።»

ሽማግሌው ዞር ብለውም አላዩት። «እርስዎን ነው የጠየቅሁት» አሉ በንቲን።

«ለቤተሰብ ነው» አለ በንቲ።

ራጉኤል ሞተሩን አስነሣ። ጭሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ልከኛ። በንቲ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ንዝረቱን አዳመጠ። በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ደነገጠለት፤ ይህ ነው አለ፣ ጌጤ አውድማ የሚያደርሰኝ ይህ ነው። ራጉኤል ዘይቱን፣ ራዲያተሩን፣ የፊት እግሮቹን አየ፤ በታዘዘውም መሠረት ከኋላ አልደረሰም። ሜዳ ሜዳውን እስከ ሳሪስ ነድተው ተመለሱ። ጋሽ ገሠሠ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ጭነት ነገር የለባችሁም? እህል፣ አሸዋ፣ የሚጎተት ነገር?»

በንቲ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሚኪ ከኋላ ኮቱን ሳብ አደረገው።

«የለም» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰው ብቻ ነው የምንጭነው፣ ጋሽ ገሠሠ።»

«እንግዲያው ይሁን። ሰው ከሆነ በሰላም ያመላልሳችኋል።»

ለቤተሰብ ነው ስለተባለም ከዋጋው ቀነሱላቸው። ቀብድ ተቀበሉ፣ ውሉን ሐሙስ ሊዋዋሉ ተስማሙ፣ ቁልፉን ግን ያኔውኑ አስረከቡ። በንቲ «እስከ ሐሙስ እዚሁ ይቆይ እንጂ» ቢል፣ «ግድ የለም፣ የእርስዎ ፊት የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም» አሉት። በንቲ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሚኪ ደግሞ ከግቢው እንደወጡ «አላልኩም? አላልኩም?» እያለ ጮቤ ረገጠ።

እሑድ በንቲ መውቂያውን ሲያሰናዳ ዋለ። ጎማውን ነፋ፣ ግሪሱን ቀባ፣ በማሽኑ ዙሪያ የበቀለውን አረም ነቀለ። ጌጤ ጋ ደውሎ «ተዘጋጂ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ራጉኤል የብየዳ ዕቃውን ይዞ ሀና ማርያም መጣና ከመኪናው ኋላ ሥር ገባ። ትንሽ ቆይቶ መፋቂያ አቀብሉኝ አለ። ፋቀ፣ ፋቀ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ራጉኤል?»

«ኦቦ በንቲ፣ ይግቡና ይዩት።»

በንቲ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ሻንሲው፣ መኪናው ጠቅላላ የተቀመጠባቸው ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች፣ ከኋላ ጎማው አለፍ ብሎ በግራም በቀኝም ተሰብሮ የተበየደ ነበር። ላዩ ላይ ብረት ተለጥፎበታል፣ በዚያ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ብየዳው የባለሙያ እጅ ነው፤ ስብራት ግን ስብራት ነው።

«ሰው ለመጫን ዕድሜ ልኩን ይሄዳል» አለ ራጉኤል። «ሁለት ቶን ካሰሩበት ግን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ተሳቢ ደግሞ ፍሬን የለውም፣ ያገኘው ሰው ላይ ነው የሚወጣው። ይቅርታዎን፣ እኔ ጋንቾ አልበይድበትም።»

«ሌባ!» አለ በንቲ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ። «ሽማግሌ ሌባ! እኔን በመስኮትና በማርሽ እያታለለ!» ሚኪ ጋ ደወለ፤ ሁለቱም ስልክ ዝግ ነው። ሴና ከቢሮ አስፈቅዳ ስትመጣ አባቷ መሪውን ጨብጦ እየጠበቃት ነበር። እስከ ነፋስ ስልክ ድረስ ያልተሳደበው ስድብ የለም፤ የሚቀድመውን ሚኒባስ ሁሉ ሳይቀር ሰደበ።

ጋሽ ገሠሠ በራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። አልተቆጡም፣ አላቋረጡትም። በንቲ ሲደክመው «ግቡ» አሏቸው።

«ተሳቢ አለዎት ለካ» አሉ ከተቀመጡ በኋላ።

«ቢኖረኝስ? የተሰበረ መኪና ይሸጣል?»

«የሰበርኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ድንጋይ የጫነ ተሳቢ ስጎትትበት። አስበየድኩት። ከዚያ ወዲህ ሚስቴን ጠበል፣ የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳመላልስበት አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ለሰው የማያሰጋ ነገር ነውና ዝም አልኩ። መናገር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።» ቀጠሉና «ግን ሦስቴ ጠየቅኩዎት» አሉ።

 በንቲ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«ቀብድዎ አልተነካም፣ አሁኑኑ እሰጥዎታለሁ» አሉና ከጓዳ አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሴና ነገሩ ያለቀ መስሏት «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ ተነሣች።

«እኔንስ የቆጨኝ ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ልዑልቃል የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ ለቡ መብራት ኃይል። የሱም የናፍጣ ፒካፕ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የውኃ ቦቴ ሲጎትት የኖረ፣ ጋንቾው የተሠራለት፣ ሻንሲው የተደረበ። ሰውየው አመመውና ሊሸጠው ፈለገ። ለደላላ አልሰጥም፣ ሥራ የለመደ መኪና ነው፣ የሚጎትት ሰው ካገኘህ ላክልኝ ብሎ አደራ ሰጠኝ። ደጋግሜ የጠየቅኩዎት ለዚያ ነበር። አዎ ቢሉኝ ኖሮ የኔን ትቼ፣ ቤቴን ቆልፌ፣ እዚያ ይዤዎት ልሄድ ነበር።»

 የጠየቀችው ሴና ናት። «አሁንስ?»

«ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነገረኝ፤ ቅዳሜ ማታ ለአንድ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ሸጠው።»

በንቲ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አመስግኖ ይውጣ፣ ተሳድቦ ይውጣ አላወቀም፤ ወጣ። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሴና ከኋላው ተከተለችው። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ክንዱን ያዘችው።

«ሌላ እንፈልጋለን አባዬ።»

«መቼ?» አለ። ኅዳር ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

እዚያው አጥር ተጠግቶ ጌጤ ጋ ደወለ። እሱና እህቱ ሁልጊዜም የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። ባለትራክተሩን ልለምንና ልምጣ ሊላት አሰበ፤ መቼ እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው እንጂ እሱ አያውቅም። ተወው።

«ጌጤ፣ መኪና አላገኘሁም። የገዛሁትም አይጎትትም። ዘንድሮ አልደርስልሽም፣ ሌላ ማሽን ጥሪ።»

«ወይ ወንድሜ!» አለች። «አይዞህ፣ አይዞህ። ከቶሌ የመጣ ማሽን እዚህ ጎረቤት ገብቷል። ተራ ያዢ ሲሉኝ አንተን ብዬ ነበር እምቢ ያልኩት። አሁኑኑ ሄጄ ለከነገ ወዲያ እይዛለሁ።» ድምፅዋ ውስጥ ምንም ቅሬታ አልነበረም። ጭራሽ ቀለል ያላት ይመስላል፤ በንቲም ይህን ሰማ።

«እኔም እመጣለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «በሚኒባስ እመጣለሁ። መንሼን ይዤ እመጣና ገለባውን አነሣልሻለሁ።»

ጌጤ ሳቀች። ከልቧ፣ በፍቅር ነው የሳቀችው።

«ማሽን እያለ መንሽ ምን ይሠራል? በዚህ ዕድሜህ በብናኝ ምን አስጨነቀህ? ዝም ብለህ እንግዳ ሆነህ ና፤ ጠላ ጠምቄ እጠብቅሃለሁ።»

በንቲ «እሺ» አለ። እሷ ከዘጋች በኋላም ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ፤ ሴና ታክሲ አስቁማ ሁለቴ ጠራችው።