ወደ ውስጥ የገባው ቋጠሮ

አማትየው ምራቷን አላመነቻትም።

የአሥር ወሩ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። አማትየው «ጡት ያባብስበታል፤ እስኪሻለው ይቅር» ብላ ፈርዳለች። ምራቲቱ ግን ከጤና ጣቢያ «ሲታመም እንዲያውም ቶሎ ቶሎ አጥቢው» ተብላ ነው የመጣችው።

ቤቱ የልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ አማትየውም ባሏም ይሰፋሉ፤ ነገር የሚያልቀው በመርፌ ነው። አማትየው መቀየሪያ እንዳይኖር የምራቷን ሌሎች ቀሚሶች ዘፈዘፈችና የለበሰችውን ወገበ ጠባብ ቀሚስ የደረት መክፈቻ በጥቁር ክር ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው።

«እንዳትረሺ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ፣ እማማ።»

ይህ «እሺ» አማትየውን ከነከናት። እንቢ ብትላት ይቀላት ነበር።

ልጁ ሲያለቅስ እንባው ይወርዳል። ሽንት ጨርቁ ይርሳል። በማንኪያ ከሚሰጠው ጥቂት ውሃ ይህ ሁሉ ይመጣል? ምራቲቱ ጓዳ ገብታ ብትስል እንኳ አማትየው ጆሮዋን ትቀስራለች።

«እስቲ ወደ ብርሃኑ ነይ» አለቻት ከሰዓት በኋላ።

ስፌቱ አለ። ክሩም ያው ጥቁር ነው። ቋጠሮው ግን ከላይ የለም፤ በጣቷ ስትዳስስ ከውስጥ በኩል አገኘችው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የምትቋጥረው ወደ ውጭ ነው። ምራቲቱ ቁልፍ መትከል እንኳ በቅጡ አታውቅም። ቋጠሮ የሚደብቅ እጅ በዚህ ቤት አንድ ነው።

ዞር አለች። ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና አላለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ፈታኸው?»

«በጠማው ቁጥር።»

«ከእኔ ደብቀህ?»

«አርባ ዓመት አብረን ሰፍተን ቋጠሮዬን እስከ ዛሬ ካላየሽው ዓይንሽን ታከሚ።» ጨርቁን ገፋ አደረገ። «በኩራችንን ተቅማጥ ሲይዘው እናቴ ጡት ከልክዪው አለችሽ፤ ከለከልሽ። እኔ ዝም አልሁ። እንደ ቅጠል ጠውልጎ ሄደ። ሁለተኛ ዝም አልልም።»

የዚያን ልጅ ነገር እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ያነሳ ሰው አልነበረም።

አማትየው መቀሱን አነሳች። ምራቲቱ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ቁሚ፣ አልበላሽም።» ክሩን ቆረጠችው።

ልጁ ጡቱን እንደያዘ ዓይኑን ከደነ። አማትየው ጉሮሮው ሲውጥ አንድ በአንድ አየች።

«ሐኪሟ ሲሻለውስ ምን አድርጊ አለች?»

«ጡቱን ሳታቋርጪ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከወትሮው አንድ ምግብ ጨምሪለት ብላኛለች።»

አማትየው ምራቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺ ትረሻለሽ። እኔው ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ።»