በመስከረም የወደቅኩት ፈተና

በሕይወቴ የምፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የጥርስ ሐኪምና የባለቤቴ የማርላ ዝምታ። አሥራ አራት ዓመት በበረዶ ሆኪ ጨዋታ ተከላካይ ሆኜ ስጫወት፣ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው እየበረረ ሲመጣብኝ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላውቅም። ሥራዬ እሱ ነበር። ጎል የሚያገቡት ሌሎች ናቸው፤ የምጋጨው እኔ። ባለፈው ወር በአንድ ማክሰኞ ግን ሦስተኛውን ፍርሃት አወቅኩት።

የልጅ ልጄን ብሪንን ከትምህርት ቤት ወስጄ ወደ ቤት እየነዳሁ ነበር። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ካናዳ፣ ሳስካቸዋን ውስጥ ነው፤ ያንን መንገድ ሺህ ጊዜ ነድቼበታለሁ። ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። በአራቱም አቅጣጫ ነጭ ሜዳ ብቻ ነው የሚታየኝ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር፤ ነዳጄም ሊያልቅ ደርሶ የማስጠንቀቂያው መብራት በርቷል።

“አባባ፣ ለምን ቆምን?” አለችኝ ብሪን ከኋላ።

“ሞተሩ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።”

ብዙ ቆይቶ አንድ ጎረቤታችን አልፎኝ ወደ ግራ ሲታጠፍ ተከተልኩት።

ሦስት ቀን በሆዴ ይዤው ከረምኩ። በአራተኛው ቀን ለማርላ ነገርኳት። ትቆጣለች ስል፣ አንድም ቃል ሳትናገር ስልኩን አንስታ ሳስካቱን ከተማ ካለች የአንጎል ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘች።

ዶክተር ሶልበርግ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። አሥራ ሁለት ቃላት አሳየችኝ፤ ቅርጽና ቁጥር ስታስቆጥረኝ ቆይታ ያየኋቸውን ቃላት በቃሌ እንድጽፍ አዘዘችኝ። እንደዚያ ቀን ታግዬ አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ ማርላን ጠርታ ውጤቱን ነገረችን።

“ደስ የሚል ዜና ነው፣ አቶ ጋርት። የድሮ ቡድንዎ ፋይልዎን ልኮልኛል። በሃያ አራት ዓመትዎ፣ ጭንቅላትዎ ገና ሳይመታ የተፈተኑት እዚህ አለ። የዛሬው ከዚያ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከቃላቱ ያኔም ሰባት ነው ያገኙት፣ ዛሬም ሰባት። መንገዱ የጠፋብዎት ከድካም ይሆናል።”

ማርላ እያለቀሰች ሳቀች። “ድሮም ቀለም የማይዘልቀው ሰው ነው ያገባሁት” አለች።

ሐኪሟም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ በውስጤ ግን ወሽመጤ ተቆርጧል።

ያንን ፈተና እንዴት እንደሠራነው የምናውቀው እኛ ተጫዋቾቹ ነን። በየመስከረሙ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ጤነኛ አእምሯችንን ይለኩት ነበር። ዓመቱ መሃል ላይ ጭንቅላትህን ከተመታህ ያንኑ ፈተና ትወስዳለህ። ከመስከረሙ ካነስክ አትጫወትም፤ ካልተጫወትክ ቦታህን ሌላው ይወስደዋል። አጣማሪዬ የነበረው ተከላካይ ቴሪ ብሩሶ በመጀመሪያው የፈተና ቀን ጎኔ ተቀምጦ፣ “ስማ አንተ ጅል፣ እዚህ ጎበዝ ተማሪ ልሁን እንዳትል። ዛሬ ደደብ ነው ብለው ከመዘገቡህ፣ በጥር ወር ስትደነዝዝ ማንም አያውቅብህም” አለኝ።

አሥራ ሁለቱንም ቃላት አውቃቸው ነበር። አምስቱን ሆን ብዬ ተውኳቸው። ዘዴው ሠራልኝ፤ ስድስት ጊዜ ክፉኛ ተመትቼ ስድስቱንም ጊዜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደህና ነኝ አልኩ፣ ፈተናውም ደህና ነው አለኝ። በብልጠቴ እኮራ ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ፣ ስንመጣ የነዳችው ማርላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

“በል አንተ ንዳ። ሰኞ ብሪንን አንተ ታመጣታለህ ብዬ ለልጃችን ልደውልላት፤ ጭንቅ ይዟታል።” ስልኳን አወጣች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ቴሪ ይመሰክርብኛል እንዳልል፣ ቴሪ ዛሬ የሚስቱን ስም አያውቅም። ብናገር ቁልፉን እቀማለሁ፤ ከቁልፉ በኋላ ምን ምን እንደሚቀማ ደግሞ በቴሪ አይቻለሁ። በጣም ፈራሁ። እንዲያም ሆኖ ብሪን በዚያ ብርድ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ታየችኝ።

“ማርላ፣ አትደውይ።”

“ምነው?”

“ያኔ ሰባት ያገኘሁት አጭበርብሬ ነው። አሥራ ሁለቱንም አውቃቸው ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው።”

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም።

“እና ዛሬስ?” አለች። “ዛሬም ልማድህ ይዞህ ነው፣ አይደል? ዛሬም አጭበርብሬ ነው በለኝ።”

“ዛሬ አሥራ ሁለቱንም ለማግኘት ነው የታገልኩት።”

ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። ክንዴን ያዘችና ወደ ሐኪሟ ይዛኝ ተመለሰች።