የዞረው ጣውላ

በአምቦ ምድር ቴኳንዶን የተከልኩት እኔ ብዙነህ ነኝ። ሌላ ሰው ነው የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። አዲስ አበባ ያሠለጠነኝ ሰሜን ኮሪያዊ፣ በሦስተኛው ወር የገዛ ቀበቶውን ፈትቶ አስታጥቆኝ፣ «ከእንግዲህ ለአንተ የማስተምረው የለኝም» ብሎ አልቅሷል። በቀበሌያችን አዳራሽ ማስተማር ስጀምር ከጉደር በእግር፣ ከወንጪ በፈረስ ይመጡልኝ ነበር። «ሃና! ዱል! ሴት!» ብለን በኮሪያኛ እየቆጠርን ስንራገጥ የአዳራሹ ቆርቆሮ ከማገሩ ተነሥቶ ይመለስ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. መስቀል ሲያልፍ ግን ልጆቹ ምን እንደነካቸው እንጃ። አርፍደው ይመጣሉ፤ ሲመጡም ለሰላምታ ጎንበስ ማለት ቀረ። አየር ላይ ሁለቴ ይሽከረከር የነበረው ዲንሳ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አላነሣ አለ። አዱኛማ በዚያ በላቡ ባገኘው ቀበቶ በግ አስሮበት ደረስኩበት።

«ምን ሆናችኋል? ወገባችሁን ምስጥ በላው?»

«ደክሞን ነው ማስተር» አለ ዲንሳ።

«ምን ሠርታችሁ?»

ሁሉም ጫማቸውን መፈለግ ያዙ። የቀረልኝ ፉፋ ብቻ ነበር። የአዴ ወርቅቱ ልጅ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሲመታ ነፋሱ ብቻ ሻማ የሚያጠፋ። እሱ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፤ ከሁሉም በኋላ ይሄዳል።

አንድ ዓርብ ዲንሳን አንገቱን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። «ዛሬ እውነቱን ሳትነግረኝ አትሄድም!»

«ማስተር፣ የጊንጪዎቹን ልጆች አልሰሙም እንዴ?»

«ምን ሆኑ?»

«ትርኢት አሳዩ፤ ተጨበጨበላቸው። በማግሥቱ በመኪና ተጭነው ሄዱ። ለኮማንዶ። እኛም ጎበዝ መሆን ይቅርብን ብለን ተማማልን። ፉፋ ብቻ ነው እምቢ ያለው።»

አንገቱን ለቀቅሁት። ምክንያቱም ከሁለት ቀን በፊት ለቀበሌው ሊቀ መንበር ለጓድ እንግዳወርቅ ስለ ፉፋ ትንሽ ነገር ነግሬው ነበር። ሦስት ጣውላ ደርቦ ይሰብራል፤ በጅባት ጫካ ነብር በእርግጫ ጥሏል። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ምልምል ሊመርጥ ለመጣው ሻምበል ወሬውን አድርሶለት ኖሯል። የእኛ ትርኢት ደግሞ ለነገ ተቆርጧል።

በቀጥታ ወደ አዴ ወርቅቱ ቤት ሄድኩ። ታላቅየው ልጇ ኤጄታ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፤ ያላት ፉፋ ነው። ልጁ ደጅ ላይ ማገዶ ይፈልጣል። እሷ ደፍ ላይ ቆማለች፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ኦቦ ብዙነህ፣ ያስተማርከው አንተ ነህ» አለችኝ። «ያስተማርከውን መልሰህ ውሰድልኝ።»

ወደ ልጁ ዞርኩ። «ፉፋ፣ ነገ ላላ በል። ሸርተት፣ ወደቅ፣ በቃ።»

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለው። «ግማሽ ምት የፈሪ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ኮማንዶ መሆን አምሮህ ነው?»

«አላማረኝም። ግን ኤጄታ ሲወሰድ እኔ በአጎቴ ጎተራ ውስጥ ተደብቄ ነበር። ነገ ደግሞ ሕዝብ ፊት እንድልፈሰፈስ ነው? አልችልም ማስተር።»

እናቱ አለቀሰች። እሱ መጥረቢያውን ነቅሎ ሥራውን ቀጠለ። እኔ እንጨቱ ሲፈለጥ እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በዚህች አገር እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣላቸው ራሶች ጥቂት ናቸው።

ማንም እንጨት ፈላጭ ያውቀዋል፤ እንጨት በቁመቱ ይፈለጣል እንጂ በአግድሙ አይሰበርም። በትርኢት ላይ ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ። የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ታች ከሆነ እንደ ድርቆሽ ይሰነጠቃል። ወደ ጎን ካዞርኩት ግን በቅሎም አትሰብረውም። የጣውላው አራቱም ጎን እኩል ስለሆነ መዞሩን ከሩቅ የሚለይ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው በሰው ሞላ። ኻያ ሺህ ሕዝብ ቢባል ያንሳል። ሻምበሉ ወንበር ላይ፣ ሊቀ መንበሩ ከጎኑ፤ ጥግ ላይ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ዲንሳ ወጥቶ በራሱ እግር ተጠልፎ ወደቀ። አዱኛ ሱሪው ወለቀ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሻምበሉ አልሳቀም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ነብር ያልከኝ የታለ?»

«አሁን ይመጣል ጓድ ሻምበል!»

ፉፋ ወጣ። ነጭ ልብሱ ታጥቦ፣ ቀበቶው ጠብቆ።  እኔ ጣውላውን አዙሬ ያዝኩ።  አዴ ወርቅቱ ከሰው ኋላ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች።

ፉፋ ጮኸና መታ። ድምፁ እስከ ሰንቀሌ የተሰማ ይመስለኛል። ጣውላው ንቅንቅ አላለም፤ እኔ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ልጁ ተረከዙን ሳይነካ ጣውላውን ተመለከተ። ማገዶ ሲፈልጥ ያደገ ልጅ ነው፤ ወዲያው አየው። ፊቱ እንደ አመድ ነጣ።

ተጠግቶ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፣ «ናኔሳ» አለኝ። አዙሩት ማለቱ ነው።

«ላኪ» አልኩት። እምቢ።

«ማስተር፣ ሕዝብ እያየኝ ነው።»

«እናትህም እያየችህ ነው።»

ይኼኔ ሻምበሉ ተነሣ። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? ቆይ እስቲ፣ ያንን ጣውላ ልየው።» እየተራመደ መጣ።  በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል ነበር፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ጣውላውን እንዳላዞረው ፉፋ ይሰብረዋል፤ እንዳልጥለው ሻምበሉ እያየኝ ነው። ጫማው ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማኛል። እጁን ዘረጋ።

ፉፋ ያን ጊዜ ዘለለ። እግሩ በጣውላው ሥር አልፎ ጎኔ ላይ አረፈ። አጥንቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጣውላው ከእጄ ወጥቶ አየር ላይ እየተሽከረከረ ሄዶ ከአጥሩ ማዶ ወደቀ። እኔም ከእሱ ብዙም ሳልርቅ ወደቅሁ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሻምበሉ የተዘረጋ እጁን ሰብስቦ ሊቀ መንበሩን አየው።

«ነብርህ ይህ ነው? ጣውላና መምህር የማይለይ! ይህን ይዤ ብዘምት መጀመሪያ የሚጥለው እኔን ነው። ከፊቴ አንሱልኝ!»

መኪናው ባዶውን ሄደ። ጓድ እንግዳወርቅ እንደተጋደምኩ አናቴ ላይ ቆሞ፣ አዳራሹ ከሰኞ ጀምሮ የእህል መጋዘን መሆኑን ነገረኝ። 

በጋሪ ወደ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ባለሙያው በኋላ ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሯል አለ፤ እኔ የቆጠርኳቸው አምስት ናቸው። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ፉፋ ትከሻዬን ደግፎ ይይዘኛል።  የፈረሱን ጀርባ ብቻ ያያል።

«ጣውላውን ሆነ ብለው ነው ያዞሩት» አለኝ።

«ሌላ ምን ላድርግ፣ አንት ግትር! አንተስ? ስንት ዓመት አስተምሬህ፣ ያን የሚያህል ጣውላ ትስታለህ?»

«አልሳትኩም» አለ።