የረጅም እጅጌ ፋሽን

አክስትየው የሴት ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ የወገብ ልክ በቃሏ ታውቃለች፤ ለባሎቻቸው ግን ትንፍሽ አትልም። የአሥራ ስድስት ዓመቷ የወንድሟ ልጅ «እጅጌው ረዘም ይበል» ስትላት እንደ ልብስ ሰፊ አሰበችና አረዘመችው። «ትንሽ ጨምሪበት» አለቻት፤ ጨመረችበት። በሦስተኛው ወር እጅጌው የጣቶቿን ግማሽ ሸፍኖ፣ አንጓው ላይ ሦስት ቁልፍ ተደርድሮበት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሰፈሩን አማለለ። የጎረቤት ልጆች «እንደሷ ስፊልን» እያሉ ተሰለፉ። አክስትየው አዲስ ፋሽን ፈጠርኩ ብላ ደረቷን ነፋች። ከእጅጌው ሥር ምን እንዳለ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ከአባቷ ቤት ከወጣች አምስተኛ ወሯ ነው። እዚያ ብርጭቆ ሲሰበር ቀበቶ ይወርዳል፤ ምግብ ሲያርርም፣ በር ጓ ሲልም፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያትም። አክስትየው ይህን ስትሰማ ሻንጣዋን ተሸክማ አመጣቻት። «እኔ ቤት ማንም አይመታሽም» አለቻት፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መሰላት። አላለቀም። አባትየው የተወውን ሥራ ልጅቷ ራሷ ተረክባዋለች፤ በተሳሳተች ቁጥር በር ዘግታ ራሷን ትቀጣለች።

የታወቀው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልጅቷ የደንበኛ ሐር ስትቆርጥ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጋ ቆረጠችው። ጨርቁን አየችው፣ መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ «መጣሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቷ ጋሼ የምትለው የቤቱ ልብስ ተኳሽ ሽማግሌ ካውያውን አቆመ። «ፊቷን አየሽው? ጨርቅ የተበላሸበት ሰው ይበሳጫል እንጂ እንዲህ አይረጋም።»

አክስትየው ተከትላት ሄደች። በሩ ተቀርቅሯል።

«ክፈቺ።»

«ልብስ እየቀየርኩ ነው።»

«በሥራ መሃል ልብስ የምትቀይር ሙሽራ ብቻ ናት። ክፈቺ የኔ እናት።»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዷን አቅፋለች። አክስትየው ያን ጊዜ ገባት፦ ፋሽን መስሏት ስትሰፋ የከረመችው መጋረጃ ነው።

«ራስሽን ትጎጃለሽ እንዴ?»

ልጅቷ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። «ስሳሳት ካልተቀጣሁ ስህተቱ አይለቀኝም። ወደ አባዬ ትመልሽኛለሽ አይደል?»

አክስትየው መጮህ አማራት፤ ለዚህች ልጅ ግን ጩኸትም ቀበቶ ነው። አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ባለፈው ወር የሰፋሁት የሙሽራ ቀሚስ ጠቦ፣ ሙሽራዋ ስትቀመጥ ከኋላ ተተረተረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አየ። እኔን ማን ይቅጣኝ?»

«የሙሽራዋ እናት ቀጥታሻለች። በስልክ። ጋሼ ደጅ ቆሞ ሰምቷታል።»

«ታዲያ ሞትኩ?»

«ሁለት ቀን አኩርፈሻል።»

«ማኩረፍ ይፈቀዳል። አንቺም አኩርፊ። ግን እዚህ ቤት ማንም አይመታሽም ስል፣ አንቺንም ጨምሬ ነው።»

ልጅቷ ጭንቅላቷን አክስቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

«የትም አትሄጂም» አለች አክስትየው። «ሰኞ ግን አብረን ጤና ጣቢያ ነን። እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው፤ ይሄን የተማረ ሰው አለ።»

ሰኞ ዕለት የጤና ጣቢያዋ አማካሪ ልጅቷን ሦስት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ሦስቱንም አክስትየው መለሰች።

«እርስዎ ውጭ ቢጠብቁን» አለች አማካሪዋ በትሕትና።

አክስትየው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ስለ ኮሌታቸው ምክር ሰጠች። ለሦስተኛው ልትደርስ ስትል፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተጠራች። አማካሪዋ ቅጽ እየሞላች ነው።

«ከእርስዎ ጋር የምትቆየው እስከ መቼ ነው?»

ልጅቷ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረች።

«እስክታገባ። ካላገባችም እስክትጦረኝ።»

«ቅጹ የሚጠይቀው ቀን ነው።»

«እንግዲያው ቅጹን አስተካክሉት።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ቀና ብላ አማካሪዋን አየቻት።

«‹ሁልጊዜ› ብለው ይጻፉት» አለች።