የእጀ ወርቅ ሚስት

ባሏን አገር ምድሩ «እጀ ወርቅ» ነበር የሚለው። ሥራው ለልጆች ተንቀሳቃሽ ስዕል፣ አኒሜሽን፣ መሥራት ነው። እርሳሱ የነካው ሁሉ ነፍስ ይዘራል ይባልለት ነበር፤ ድንጋይ ይስቅለታል፣ ባልዲ ያኮርፍለታል። አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ግን ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞች እግሩን እንደ ምንም መለሱለት፣ እጁ ግን በዚያው ቀረ።

ሚስቱ ድሮ ቀለም ትቀባለት ነበር። ሥራውንም ከእሱው ሥር ቁጭ ብላ እያየች ነው የለመደችው። «እስኪሻለኝ አንቺ ሳዪልኝ፤ ለማንም ግን እንዳትተነፍሺ» አላት። እሺ አለች። የትኛዋ ሚስት ባሏን በዚያ ሰዓት እምቢ ትላለች? «እስኪሻለኝ» ያለው ግን ሥር ሰደደ።

መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ አለ። እሷ እዚያ ላይ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ትደርባለች፤ የታችኛው መስመር በላይኛው ወረቀት እየታያት፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ደግማ ትስላለች። እሱ ከኋላዋ ይቀመጣል። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ነው።

«አይደለም! እንቁራሪቷ ከመዝለሏ በፊት ዝቅ ትበል እንጂ። ሳያጎነብስ የሚዘል ማን አለ?»

«አውቃለሁ።»

«ብታውቂማ ትስዪው ነበር። ስታርፍ ደግሞ ጨፍለቅ አድርጊያት፤ ጣውላ አደረግሻት እኮ!»

እንዲህ እያሉ ከረሙ። እህቷ ስትደውል «ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ» ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ እጇን ከቀሚሷ ሥር ትደብቃለች።

በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ጦጣ ከጉቶ ላይ የሚነሳበት ትዕይንት መጣ። ባሏ ተኝቶ ስለነበር ብቻዋን ሠራችው። ጦጣው መጀመሪያ ጉቶውን በዓይኑ ይለካል፤ በግራ እጁ ይደገፋል፤ ብድግ ሊል ይልና መልሶ ቁጭ ይላል። በሁለተኛው ይነሳል። ባሏ ሲነቃ ወረቀቶቹን በግራ አውራ ጣቱ እያርገበገበ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን አላወጣም። ለምን እንደዚያ እንደሠራችው አስረዳችው።

ወረቀቶቹ ከተላኩ ሳምንት ሳይሞላ፣ ስዕሉ የሚታይበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ሳይጠራ መጣ። «ወጥ ቤት ግቢ፣ በሩንም መለስ አድርጊው» አላት ባሏ በሹክሹክታ። ገባች። ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

«ጋሼ፣ ያ ጦጣ ሲነሳ ያየ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። እኔማ እናቴ ትዝ አለችኝ። ከየት አመጡት?»

«ሰው ማየት ነው፣ ወንድሜ» አለ ባሏ። «እንቅስቃሴው ሲጀምርና ሲጨርስ ስዕሎቹን ታቀራርባለህ፣ መሃል ላይ ታራርቃለህ። ያኔ ነው ሰውነቱ የሚከብደው።»

እሷ ያስረዳችውን ነው፣ ቃል በቃል።

«እንግዲያው እርስዎ ካሉበት ሌላ ሁለት ዓመት እንቀጥላለን።»

«አለሁበት!» አለ ባሏ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ የቀረባት መሰላት። ሁለት ዓመት! ምን ይመስልሻል ያላት የለም። ውሃ በብርጭቆ ቀዳችና በሩን ከፍታ ወጣች። ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ በእርሳስ ጠቁረዋል፤ አልደበቀቻቸውም። አዘጋጁ ብርጭቆውን ሲቀበል ጣቶቿን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ባሏ እጆች ዞረ፤ አንዱ ከጋቢው ሥር ነው፣ ሌላው ንጹሕ ነው። አሁን ይናገራል፣ አለች በሆዷ።

አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ጋሼን አደራ።»

ስትሸኘው ደጅ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገብቶኛል። ግን ነገሩ ባይነሳ ይሻላል፤ ሰው የሚያየው የሳቸውን ስም ብሎ ነው።»

ምስጢሩ የወጣ ዕለት እገላገላለሁ ትል ነበር። ይኸው ወጣ፤ እሷ ግን እዚያው ናት።

«አወቀ» አለችው ባሏን ተመልሳ።

«ምን አለ?»

«ዝም በይ አለኝ።»

ትከሻው ረገበ። «ጎሽ፤ ጨዋ ሰው ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አለሽ። የሌለሁት እኔ ነኝ። ስሜን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል? ይሄ?» ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጉልበቱ ላይ ለቀቀው። ዱብ አለ፤ ትንሽ እንኳ አልነጠረም። በዚያ ሰዓት እንኳ አወዳደቁን ለስዕል ልብ ማለቷ ራሷን አስጠላት።

እጁን ጋቢው ሥር እየመለሰ፣ «ጦጣው እኔ ነኝ አይደል?» አላት።

«ነህ።»

«እንዲያ ሆኛለሁ?»

ልትቆጣ ካዘጋጀችው ቃል ሁሉ አንዱን ብቻ አወጣች። «ከዛሬ ጀምሮ ስሠራ ከኋላዬ አትቀመጥም። እዚያኛው ክፍል ሁን።»

እሱም ግድግዳውን እየተደገፈ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ መብራቱን አብርታ ተቀመጠች። ማጅራቷ ቀለላት። አንድ መስመር አወረደች፣ ሁለተኛውን ጀመረችና እጇ ቆመ። ምን እየጠበቀች እንደሆነ ሲገባት ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው፤ «አይደለም!» እስኪላት ነበር የምትጠብቀው።

ባሏ ከወዲያኛው ክፍል አሳለ። በሩን ልትዘጋ ተነሳች። እጀታውን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ቢወድቅስ? ድምፁን ካልሰማች ማን ያነሳዋል? ገርበብ አድርጋ ተወችውና አዲስ ወረቀት ለማንሳት ተመለሰች።